የወፍ በሽታ የያዛት ዓሣ

እኔን የሚያውቁኝ ሰዎች «ቀንሱለት» ነው የሚሉኝ። አንድ ወሬ ስጀምር ከሚሰሙት መካከል አንዱ «ግማሹን ቀንሱለት» ይላል፤ ሌላው «ከቀረውም ግማሹን» ይላል፤ እንዲህ ሲቀንሱ ሲቀንሱ ወሬው አለቀና ቅጽል ስሙ ብቻ ቀረልኝ። ሥራዬ ቧንቧ መጠገን ነው። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያየን፤ እስከ ዛሬ የሚያስታርቀን ሽማግሌ አልተገኘም። አንድ ጊዜ ምድር ቤት የተዘጋ ቱቦ ልከፍት ገብቼ በሦስተኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ብወጣ አንዲት ሴትዮ ምንም ሳትደነግጥ ፎጣ አቀብላኛለች። ይህንን ያላመኑ ሰዎች አሉ። ዛሬ የምጽፈው ላይ ግን የምትቀንሱት የለም፤ እኔው ራሴ ቀንሼ ነው የመጣሁት።

የምጽፈው እትዬን ለማመስገን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሃያ። ከዚያ ወዲህ ያበላችኝ፣ ደብተር የገዛችልኝ፣ ደብተሩን የት እንዳደረስኩት እየጠየቀች ያሳደደችኝ እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበበች የተገደፈች ፊደል ስታድን የኖረች ሴት ናት። ግራ ዓይኗ ብርሃኑን ካጣ ቆይቷል። የቀረቻት ቀኟ ነበረች። እሷም አንድ ጠዋት ከዳር በኩል ጥቁር መጋረጃ ይወርድባት ጀመር።

ዶክተሩ «የዓይንዎ ውስጠኛው ሽፋን ተላቅቋል» አላት። ቀዶ ጥገናውን ጨርሶ ሽፋኑን ወደ ቦታው እንድትጫን አንዲት የአየር አረፋ ዓይኗ ውስጥ አስገባ። ግንበኞች በሚይዙት ውሃ ልክ ውስጥ እንዳለችው አረፋ ያለች ናት፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የምትሄደው።

«ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊትዎ ወደ መሬት ይሆናል» አላት። «ሲበሉም፣ ሲተኙም፣ ሲሄዱም። ቀና ካሉ አረፋዋ ከቦታዋ ትሸሻለች። ሽፋኑ ዳግመኛ ከተላቀቀ ደግሞ መልሼ እንደማጣብቀው ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አደራ» አለኝ።

«ዶክተር» አለች እትዬ ወለሉን እያየች፣ «አደራውን የሚሰጡት ለዚህ ነው?»

የዕቃ ሣጥኔንና ብርድ ልብሴን ይዤ ቤቷ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ አስቀመጥንላት፤ ፊቷን እዚያ ደፍታ ትውላለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ጫማውን አይታ ትለየዋለች እያልኩ አወራሁ። ውሸት ነው፤ በዚያ ጊዜ በዓይኗ የሚገባው ጭጋግ ብቻ ነበር።

ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓሦች የምታኖርበት አኳሪየሟ አለ። እትዬ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የያዘችው ሥራ እሱ ነው። ውስጡ እንደ ኪራይ ግቢ ነው፤ ዓይነት ዓይነት ተከራይ አለበት። ከላይ ሰማያዊ መስመር ያላቸው፣ ኒዮን የሚባሉ ጥቃቅን ዓሦች በቡድን ይዞራሉ፤ አንዱ ከዞረ ሁሉም ይዞራል። ከታች ጺም ያላቸው ጠራጊዎች አሸዋውን ሲያሸቱ ይውላሉ። በመካከል ደግሞ የግቢው ባለቤት ነን የሚሉት ሲክሊድ የሚባሉ ድንክ ዓሦች አሉ፤ ባልና ሚስት። ባልየው የጣት ያህል ነው፤ ጭራው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለው፤ አረማመዱ የሠርግ አጃቢ ነው። ሚስትየዋ የእሱ ግማሽ ናት፤ ግራጫ፣ ዝምተኛ። ቤታቸው በጎኑ የተጋደመ የአበባ ሸክላ ነው።

እነዚህ ባልና ሚስት እትዬ ዘንድ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የእነሱ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሦስት ጊዜ እንቁላል ጥለው ሦስቱንም ጊዜ ጠራጊዎቹ በልተውባቸዋል። «አንድ ጊዜ ብቻ ጫጩቶቻቸውን ባይ» ትል ነበር እትዬ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ስቆጥር ኖርኩ። አንድ ጊዜ ልክ የሆነ ነገር ልቁጠር።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓሦቹን ላበላ ሄድኩና ደነገጥኩ።

«እትዬ! ሚስትየዋ የወፍ በሽታ ይዟታል!»

«ማንን?»

«ዓሣዋን። ቢጫ ሆናለች። የእንቁላል አስኳል በያት። ጠባይዋም ተበላሽቷል፤ ባሏን እየነከሰች አባርራዋለች። ክንፉ ተቀዶ ጥግ ይዞ ቆሟል።»

ትራሱ ውስጥ ሳቀች። «ዓሣ የወፍ በሽታ ያዘው! ወፏንስ ምን ሊይዛት ነው?»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመትም ጠራጊዎቹ ተሰልፈው ሲያስነጥሱ አይተሃል። ግማሹን ስቀንስ ትንሽ ገርጥታለች ማለት ነው። ነገ ውሃ እንቀይርላታለን። በል አሁን ሻይ አፍላ።»

እኔ ግን አልተውኩትም። የእትዬ ዓሣ በእኔ ተራ ቢሞት ምን ብዬ እመልሳለሁ? ሻዩን አፍልቼ፣ ጠጥታ ስታንቀላፋ ጠብቄ፣ መንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ገባሁ።

«ለወፍ በሽታ የሚሆን ነገር አለ?» አልኳት ፋርማሲስቷን።

«ታማሚው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስት ሊሞላት ነው።»

«ውይ ሕፃን! ክብደቷስ?»

«ከጣት ግማሽ አትበልጥም።»

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ዓሣ መሆኗን ስነግራት ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «እንግዲያው ሌሎቹን እንዳታስይዝ ለብቻዋ አድርጋት» አለችኝ። ስቀልድ የኖርኩ ሰው የሰው ቀልድ መለየት አቃተኝ። ቤት ስመለስ ሚስትየዋን ከሸክላው ጓዳ ውስጥ በግድ አውጥቼ፣ በመረብ ይዤ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጥኳት።

ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እትዬ ነቃች። «የምን ውሃ ነው?»

«በሽተኛዋ ናት። ለይቻታለሁ።»

ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህችን አውቃታለሁ፤ መስመር ላይ ስሕተት አግኝታ መልሳ ስታነብ የምታደርጋት ናት።

«ባሏን ነክሳለች ያልከው እውነት ነው?»

«እውነት።»

«ቢጫውስ? እንደ አስኳል?»

«እንደ አስኳል።»

«ከየት ነው ያወጣሃት?»

«ከሸክላው ውስጥ። እንቢ ብላ ጣቴን ነከሰችኝ።»

«አንተ!» አለች። «በሽታ አይደለም! እንቁላል ጥላ ነው! እንቁላል የታቀፈች ጊዜ ነው ቢጫ የምትሆነው! ከእንቁላሏ ላይ ነው ያነሣሃት!»

«ታዲያ ስነግርሽ ለምን አላልሽኝም?»

«መቼ አመንኩህ!»

ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ትከሻዋ ተነሣ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልነሣ ነው። ጠራጊዎቹ ጨርሰውት ይሆናል። ጣቴን ሰድጄ ራሴ ዳስሼ አያለሁ።»

«እትዬ፣ ዓይንሽ!»

«አንተ አይተህ ብትነግረኝ ምን ዋጋ አለው? ሦስት ቢሆን ሦስት መቶ ነው የምትለኝ። ባይኖርም አለ ትለኛለህ።»

በዚያች ቅጽበት የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ያስላበኛል። ዶክተሩ ዓይኗን ሰፍቶ መልሶላታል፤ እኔ ደግሞ በአርባ ዓመት ቅጥፈቴ ላጠፋው ነው። የሚታመን ወንድም ቢኖራት ኖሮ ለምን ትነሣለች?

ጠረጴዛው ሥር ተንሸራትቼ ገባሁ፤ መካኒክ መኪና ሥር እንደሚገባ። በጀርባዬ ተኝቼ በትራሱ ቀዳዳ ፊቷን ከታች አየሁት። አብጧል፤ ዓይኗ ተጨፍኗል።

«አንድ ጊዜ» አልኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ ልይልሽ። ካላመንሽኝ ትነሻለሽ።»

ትንፋሽዋ ፊቴ ላይ ይወርዳል። «ሂድ» አለችኝ። «ከውስጥ፣ የሸክላው ጣሪያ ላይ ነው የምትጥለው። አትንካው።»

ከዕቃ ሣጥኔ ውስጥ የቧንቧን ጀርባ ለማየት የምይዛትን ባለ ዘንግ መስታወት አወጣሁ። በአንድ እጄ ባትሪ አበራሁ፣ በሌላው መስታወቷን ውሃ ውስጥ ሰድጄ ወደ ሸክላው ጣሪያ አዞርኳት። አሉ! ጣሪያው ላይ ተለጥፈው፣ ቀላ ቀላ ያሉ፣ ከምስር ክክ ያነሱ። በልማዴ «ሦስት መቶ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

«አርባ ሦስት» አልኩ።

እጇ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ሁለቱ ግን ነጭ ናቸው። ጥጥ የመሰለ ነገር አብቅለዋል። አንዱ መሃል ላይ ነው፤ አንዱ ከዳር።»

«ነጭ?»

«ነጭ።»

«ሻግተዋል» አለች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ፊቷ ተመልሶ ትራሱ ውስጥ ገባ። «አሁን አመንኩህ።»

«በምን አመንሽኝ?»

«አንተ ስትዋሽ የሚሻግት ነገር የለም። እስከ ዛሬ ካወራኸው ሁሉ አንድ የተበላሸ እንቁላል አላየሁበትም።»

እስከ ዛሬ ድረስ እነዚያን ሁለት የሻገቱ እንቁላሎች አመሰግናለሁ። ሰው መላእክትን ያመሰግናል፤ እኔ ሻጋታ አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ የታዘዝኩትን ሠራሁ። ሳህኑን አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፌ ሁለቱ ውሃዎች ሙቀታቸው እስኪቀራረብ ጠበቅሁ፤ ከዚያ አዘንብዬ ለቀቅኳት።

«ገባች?» አለች እትዬ።

«አልገባችም። ዞር ዞር እያለች ነው።»

«ጠራጊዎቹስ?»

«ሦስቱ ሸክላው በር ላይ ናቸው። ግን አልገቡም።» አይቼ አላመንኩም። «እትዬ፣ ባልየው በሩ ላይ ቆሟል። ያ የተነከሰው። በተቀደደ ክንፉ በሩን ዘግቶባቸዋል።»

ትንሽ አሰበች። «ይኼኛው ይቀነሳል?»

«አይቀነስም።»

«እሺ። አሁንስ ገባች?»

«ገባች! ባሏን አንድ ጊዜ ነክሳ ገባች። ተገልብጣ በክንፏ እያራገበቻቸው ነው። ከነጮቹ አንዱን በላችው።»

«ተመስገን» አለች እትዬ ወደ ወለሉ። «ልታጸዳው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተያዘ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሠራለሁ። ጫጩቶቹን የውሃ ማጣሪያው ፓምፕ እንዳይስባቸው አፉ ላይ የእሷን ስቶኪንግ አሰርኩ። ኒዮኖቹ እንዳይደርሱባቸው ከቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ፍሬም ሠርቼ፣ የመስኮት ወንፊት ወጥሬበት፣ ለኪራይ ግቢው አጥር አቆምኩለት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እቆጥራለሁ። ቁጥሩን ስነግራት «ድገም» ትለኛለች፤ ማተሚያ ቤት እንደለመደችው። እደግማለሁ።

በሰባተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ሠላሳ ስድስት ነበሩ፤ ጭራ ብቻ ናቸው፤ አሸዋው ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። እናትየዋ በአፏ እያነሣች ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ታመላልሳቸዋለች። በአሥራ አንደኛው ቀን መዋኘት ጀመሩ፤ ሃያ አራት። የቀቀልኩትን እንቁላል አስኳል በጨርቅ አልፌ የመርፌ ጫፍ ታህል ጠብ አደረግሁላቸው። በዚያው ማታ አሥራ ዘጠኝ ደረሱ። አንዳንዱ አጥሩን ሾልኮ ለኒዮን እራት ሆነ፤ አንዳንዱም ያለ ምክንያት ቀረ።

ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ምላሴን ያሳክከኛል። ሁለት ብጨምር ማን ያየኛል? ግን «አሥራ ዘጠኝ» ስላት «አሥራ ዘጠኝ» ብላ ተቀብላኝ ፊቷን ስትደፋ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የተናገርኩት ቁጥር እንዳለ ሲወሰድልኝ! እንደ አዲስ ሸሚዝ ነበር የተሰማኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ባትሪዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ሸክላው ባዶ ነው። ጉድጓዶቹ ባዶ ናቸው። ጥጉን ሁሉ አየሁ። አንድም የለም።

እትዬ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀራት። አሥራ ዘጠኝ ብላት በሰላም ትተኛለች፤ ዓይኗም ይተርፋል። ዜሮ ብላት ደግሞ ትነሣለች። የውሸት ሁሉ ጥሩ ውሸት ማለት ያን ጊዜ የነበረችኝ ናት፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲያ እንደ እሷ ያለች አላገኘሁም።

«ስንት?» አለች።

ባትሪዬን አጠፋሁና መልሼ አበራሁ።

«ስንት ነው የምልህ?»

«የለም፣ እትዬ። አንድም የለም።»

እጆቿ ተንቀሳቀሱ። ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ፤ ጣቶቿ ጠርዙን ጨበጡ። ሮጬ ልይዛት ነበር፤ ግን ያዝ አድርጋ የቆየችው ጠረጴዛውን ነው፤ አልተነሣችም።

«ስቶኪንጉን ፈትተህ እይ» አለችኝ።

ፈትቼ ገልብጬ አየሁ። «ቆሻሻ ብቻ ነው።»

«እናትየዋስ?»

«አለች።»

«ቀለሟ?»

«ቢጫ።»

«እንዴት ያለ ቢጫ? እንዳትቸኩል። ደህና አድርገህ እይ።»

አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አየኋት። «እንደ ትናንቱ። ምንም አልቀነሰላትም።»

«የወፍ በሽታው አልለቀቃትም?»

«አልለቀቃትም!»

ጣቶቿ ጠርዙን ለቀቁ። «ባለፉት ሦስት ጊዜ እንቁላሏ ሲበላባት በማግሥቱ ግራጫ ነው የሆነችው። ልጅ የሌላት ዓሣ ቢጫ አትለብስም። ደብቃቸዋለች። ቁጭ በልና ጠብቅ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በሽታ እንዳይለቅ ብዬ ስጸልይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እትዬም ወደ መሬት፣ እኔም ወደ ውሃ አፍጥጠን ቀረን። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከዚያ እናትየዋ አጥሬ ሥር ሄዳ ቆመች፤ ሁለት ጊዜ ሰውነቷን ነዘረች። ካቆምኩት ፍሬም አንደኛው የቧንቧ ጫፍ መክደኛ ሳላደርግለት ቀርቼ ነበር። ከዚያ ክፍት ጫፍ ውስጥ አንድ ወጣ። ከኋላው ሌላ። ተሰልፈው።

«እትዬ! እየወጡ ነው!»

«ከየት?»

አመነታሁ። «ከቧንቧው ውስጥ።»

«ከቧንቧ ውስጥ?»

«እኔ ከሠራሁት ቧንቧ ውስጥ። እናታቸው እዚያ አስገብታቸው ነው ያደረችው። እየጠራቻቸው አንድ በአንድ…»

ትራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። «በሌላ ጊዜ ብትነግረኝ በመጥረጊያ ነበር የማባርርህ» አለች። «ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሰባት።»

«ድገም።»

«አሥራ ሰባት።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን እጇን ይዤ፣ እሷ የእግሯን ጫፍ እያየች፣ ወደ ዶክተሩ ሄድን። ብርሃን እያበራ ለረጅም ጊዜ አየላት። እኔ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ የመታጠቢያውን ቧንቧ ስመረምር ነበር። ያንጠባጥባል።

«ተጣብቋል» አለ ዶክተሩ በመጨረሻ። «በጣም ደህና ተጣብቋል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜም ቀና አላሉም?»

«ለምን ብዬ?» አለች እትዬ። «የሚያይልኝ ነበረኝ።»

እንዲህ ነው ያለችው፤ ሌላ ሰው ፊት፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ፊት። እኔ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቅሁላቸው።

ቤት ስንመለስ ቀና ብላ አኳሪየሙ ፊት ተቀመጠች። አረፋዋ ገና አልጠፋችም፤ ዶክተሩ እንዳለው ቀስ በቀስ እየሟሸሸች ነው የምታልቀው፤ እይታም ከላይ ጀምሮ ነው የሚመለሰው። እትዬ ዓይኗ ውስጥ የሚወዛወዝ መስመር ይታያታል፤ ከመስመሩ በላይ ጥርት ያለ ብርሃን፣ ከመስመሩ በታች ጨለማ።

«ኒዮኖቹን አየኋቸው» አለች። «አየኋቸው እኮ! ሰማያዊ መስመራቸውን። ተመስገን ጌታዬ።»

«ጫጩቶቹንስ?»

«እነሱ ታች ናቸው። ወደ ታች ባየሁ ቁጥር ጨለማው አብሮኝ ይወርዳል።» እኔ የምታዝን መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ወንበሯን አመቻችታ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «መስመሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል ብሏል። ሳምንታት ነው፤ ምን ያስቸኩለኛል? የላይኛውን እኔ አያለሁ፤ የታችኛውን አንተ ትነግረኛለህ። በል ቁጠርልኝ።»

በጉልበቴ ተንበርክኬ ከሸክላው በር ጀመርኩ።